ለወርክሾፕ ጋሪ የትኛው ካስተር ይሻላል? ናይለን፣ ፖሊዩሬቴን፣ ላስቲክ ወይስ ጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ ብረት)

ቱቦላሬ_ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ባለ ጎማ ሥራዎች አሉብኝ። ብየዳውና አካሉ አያሳስበኝም፣ የካስተሩ (ከነመያዣው የሚገጠመው ጎማ) ምርጫ ላይ ግን ተቸግሬአለሁ።

አንደኛው የመሣሪያና የብረት ማመላለሻ ጋሪ ነው። ከ40×40×2 ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የብረት ቱቦ) የሚሠራ ሲሆን ባዶውን 60 ኪሎ፣ ሲጫን እስከ 300 ኪሎ ይሆናል። ወለሉ ሊሾ ነው፤ 8 ሚሜ ያህል ስፋት ያላቸው የመገጣጠሚያ ቦዮች አሉት፣ መግቢያው ላይ ደግሞ የተንሸራታች በር ሐዲድ 10 ሚሜ ከፍ ብሎ ወጥቷል። ጋሪው በቶርኖው (የብረት መቅረጫ ማሽን) አጠገብ ስለሚያልፍ የብረት ፍቅፋቂ ከሥሩ አይጠፋም፣ ዘይትም አለ።

ሁለተኛው ክብ መጋዝ የተገጠመበት የእንጨት ሥራ ጠረጴዛ ነው፣ 90 ኪሎ። ሲሠራበት ፍንክች እንዳይል፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ወደ ግድግዳ እንዲገፋ እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው ለግቢ ነው። ጠጠርና አፈር ላይ እስከ 200 ኪሎ ይጎትታል።

ለመጀመሪያው ያሰብኩት ባለ 75 ሚሜ ናይለን፣ እያንዳንዱ 75 ኪሎ የሚችል ነው። አራቱ ሲደመሩ 300 ስለሚሆኑ ይበቃሉ ብዬ ነው። ትክክል ነኝ?

ሊሾ_ላይ

አይበቃም፤ በሁለት ምክንያት።

የመጀመሪያው የክብደቱ ስሌት ነው። አራት ጎማ ያለው ጋሪ ክብደቱን ለአራት አያካፍልም። ወለል መቼም ፍጹም ልክ አይሆንም፣ የተበየደ ቱቦላሬ ደግሞ አይታጠፍም፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ ብዙውን ጊዜ ወይ ተንጠልጥሏል ወይ እንዲሁ ነካ አድርጎ ቆሟል። የጋሪውንና የጭነቱን ድምር ለሦስት አካፍል። 300 ለ3 ሲካፈል 100 ኪሎ ነው፣ ይህም ዝቅተኛው ነው። ሐዲድ ላይ ሲነካ የሚመጣው ምት ሲጨመርበት 150 ኪሎ የተጻፈበትን ውሰድ። ካስተሩ ላይ የሚጻፈው አቅም ለስላሳና ደረቅ ወለል ላይ በሰው እርምጃ ፍጥነት ለሚገፋ ጋሪ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 12532 ደረጃ እስከ 1.1 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ ያለውን አጠቃቀም ነው የሚሸፍነው። በሞተር የሚጎተት ከሆነ ያ ቁጥር አይሠራም።

ሁለተኛው ምክንያት ዲያሜትሩ ነው፣ እኔ ከጎማው ዓይነት በፊት የማየውም እሱን ነው። ጎማ እንቅፋት ላይ ሲደርስ የሚጠይቀው ግፊት በራዲየሱና በእንቅፋቱ ከፍታ ይወሰናል። ጋሪው ቆሞ ሐዲዱን ነክቶ ከዚያ ተነሥቶ ይውጣ ብንል፣ በአንድ ጎማ ላይ ለተቀመጠ 100 ኪሎ የሚያስፈልገው አግድም ግፊት በግምት እንዲህ ነው፦ 10 ሚሜ ሐዲድ ላይ ባለ 75 ሚሜ ጎማ 93 ኪሎ፣ ባለ 100 ደግሞ 75፣ ባለ 125 65፣ ባለ 200 48። ከፍታው 5 ሚሜ ብቻ ከሆነ በቅደም ተከተል 58፣ 48፣ 43 እና 33 ይሆናል። እንግዲህ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች 150 ኪሎ ተሸክመው እኩል ሐዲዱ ላይ ቢደርሱ፣ በባለ 75ቱ 140 ኪሎ ያህል መግፋት ሊኖርብህ ነው። ሰው ይህን አይገፋም። ወይ ተንደርድሮ ይመታዋል፣ ወይ ጋሪውን ያነሣዋል። ተንደርድሮ በሚመታ ጋሪ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው የካስተሩ አንገት፣ ማለትም አቅጣጫ የሚቀይርበት የላይኛው መዞሪያ፣ ነው።

ቦዩም ቢሆን 8 ሚሜ ስፋት ለባለ 75 ጎማ ይሰማዋል፤ ለባለ 125ቱ ግን እምብዛም።

ባለ 125 ሚሜ ዝቅተኛው፣ ባለ 150 ቢሆን ደስ ይለኛል። የጠቅላላ ቁመቱን ልዩነት አትርሳ፦ የባለ 100 ካስተር ቁመት 125–130 ሚሜ አካባቢ፣ የባለ 125 155–160፣ የባለ 150 190 ገደማ ነው። የጋሪውን ገጽ ቁመት ከመቁረጥህ በፊት ይህን ቀንስ።

ከጎማ በላይ የሚያዋጣው ግን ሐዲዱን ማስተካከል ነው። በሐዲዱ ግራና ቀኝ ርዝመቱ 100 ሚሜ የሆነ፣ ከዜሮ ወደ 10 ሚሜ የሚወጣ መወጣጫ በላሜራ ወይም በሲሚንቶ ሥራለት። ያ 150 ኪሎ በ1 ለ10 ዳገት ሲወጣ 15 ኪሎ ግፊት ብቻ ነው የሚፈልገው። መወጣጫው በሩ የሚሄድበትን ቦይ እንዳይደፍነው ብቻ ተጠንቀቅ። መወጣጫ መሥራት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ጋሪውን በትንሹ አግድመህ አስገባ፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ ግፊቱም በግማሽ ይቀንሳል።

ፍቅፋቂ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። ስለ ዓይነቱ ልጨምር፣ ጥያቄው እዚያ ላይ ነበርና።

ጎማ ጠንካራ በሆነ ቁጥር በቀላሉ ይሽከረከራል፣ ብዙ ይሸከማል፣ ይጮሃል፣ ወለልም ይጎዳል። ለስላሳ በሆነ ቁጥር ተገላቢጦሹ ነው። ሁሉም የምርጫ ክርክር የሚሽከረከረው በዚህ ላይ ነው፤ ቀሪው ወለሉ ላይ ምን ፈሰሰ፣ ምን ተበተነ የሚለው ነው።

ጊዛ ለከባድ ጭነትና ለፍቅፋቂ አይበገርም፣ የብየዳ ፍንጣሪም አይነካውም። ግን ሊሾውን ያደቅቃል፣ ቀለም የተቀባ ወለል ይልጣል፣ እርጥበት ላይ ይዝጋል፣ ድምፁም አይቻልም።

ናይለን ዘይትና ብዙ ኬሚካል ይችላል፣ በጣም በቀላሉ ይሽከረከራል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ድምፁ ግን ባዶ ጋሪ ላይ ይብሳል፤ በየቦዩ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል ይውላል። ፖሊፕሮፒሊን የናይለን ደካማ ወንድም ነው፤ ለቀላል ጋሪ እንጂ ለ300 ኪሎ አይሆንም። ሁለቱ በዓይን ስለሚመሳሰሉ ጎማው ላይ የታተመውን አንብብ፦ ፒኤ ከሆነ ናይለን፣ ፒፒ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው።

ፊኖሊክ የሚባለው በሙጫ ተነክሮ በሙቀት የተጨመቀ ጨርቅ ነው። ዘይትና ሙቀት ይችላል፣ ከጊዛ ይልቅ ለወለል ይራራል። ውሃ ያለበት ቦታ ግን አይሆንም፤ ውሃ ይመጥና ያብጣል፣ ጠርዙም ይሸራረፋል።

ላስቲክ ጸጥተኛ ነው፣ ምት ያበርዳል። ድክመቱ ሦስት ነው፦ ጭኖ ለሳምንታት ከቆመ የነካበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሆንና ከዚያ በኋላ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ተራው ላስቲክ በዘይት ያብጣል፤ ጥቁሩ ደግሞ ወለል ላይ የማይለቅ ጥላሸት ይተዋል። ግራጫው ላስቲክ ምልክት አይተውም፣ የቀሩት ሁለቱ ችግሮች ግን አሉበት። የሆስፒታልና የቢሮ ጋሪዎች ላይ የሚታየው ቴርሞፕላስቲክ ላስቲክም እንዲሁ ጸጥተኛ ነው፣ ሆኖም ሙቀት ሲበዛ ይለሰልሳል።

ፖሊዩሬቴን መሃል ላይ ነው። ውስጡ ናይለን፣ አሉሚኒየም ወይም ጊዛ ሆኖ ከላይ ፖሊዩሬቴን ይለበስበታል። ጥንካሬው በሾር ኤ ይለካል፤ 80 አካባቢ ያለው ለስላሳ፣ 92–95 ጠንካራ ነው።

ላንተ ጋሪ የምመርጠው ሾር ኤ 92 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውስጡ ጊዛ ወይም አሉሚኒየም የሆነ ፖሊዩሬቴን ነው፤ ባለ 125።

ዋና_ፔርኖ

ፍቅፋቂ፣ በአብዛኛው ልክ ነህ፤ ፖሊዩሬቴኑ ላይ ግን ልከራከርህ። ከቶርኖ የሚወጣ ፍቅፋቂ ሁለት ዓይነት ነው። ረጅሙና የተጠቀለለው አክስሉ ላይ ይጠመጠማል። አጭሩና የተሰበረው ደግሞ ለስላሳ ጎማ ውስጥ ይሰካል። የተሰካ ፍቅፋቂ አይወድቅም፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ወለሉን እየጫረ ይሄዳል፣ ያኔ ለወለሉ ተብሎ የተገዛው ጎማ ከናይለን የባሰ ይቧጥጣል። ሾር ኤ 95ም ቢሆን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ቶርኖው ሥር ብቻ የሚኖር ጋሪ ቢሆን ኖሮ ናይለን ወይም ፊኖሊክ በል ነበር የምለው።

ሌላው ስለ ፖሊዩሬቴን የማይነገረው እርጅናው ነው። ሁለት ዓይነት ኬሚስትሪ አለ፦ ፖሊኤስተር ላይ የተመሠረተውና ፖሊኢተር ላይ የተመሠረተው። የመጀመሪያው መቆራረጥንና ዘይትን ይቋቋማል፣ በእርጥበትና በሙቀት ግን ውሃ ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል፤ ጎማው ሳይሠራበት መደርደሪያ ላይ እንኳ እየተሰነጠቀ ይፈረፈራል። ሁለተኛው ውሃ ይችላል። ወለሉ በውሃ የሚታጠብ ከሆነ ፖሊኢተር መሆኑን ጠይቅ። ከመጋዘን የቆየ ካስተር ስትገዛ ደግሞ ጥፍርህን ጎማው ላይ ጫን፤ የሚጣበቅ ወይም ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ ተወው።

ሦስተኛው መላቀቅ ነው። ልብሱ ከውስጡ አካል ጋር በማጣበቂያ ነው የተያያዘው። ከአቅም በላይ ሲጫን ወይም በፍጥነት ሲጎተት ፖሊዩሬቴኑ ከውስጥ ይሞቅና ማጣበቂያው ይለቃል፤ ከዚያ እንደ ቀለበት እየተንሸራተተ ይዞራል። ከዳር የሚጀምር ቀጭን ክፍተት ካየህ ያ ጎማ አልቋል፤ ማጣበቂያ መልሶ አይይዘውም።

ቱቦላሬ_ቤት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ጋሪው ቶርኖው ጋ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው ቦታና መጋዘኑ መካከል ነው። ወለሉን ደግሞ ወደፊት ኢፖክሲ ልቀባው አስቤአለሁ። ኩሽኔታውስ (ጎማው አክስሉ ላይ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት)? ሻጮች ባለ ኩሽኔታና ያለ ኩሽኔታ ይላሉ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ዋና_ፔርኖ

ኢፖክሲ ከሆነ ጊዛና ናይለን ወጡ፤ ጥቁር ላስቲክም ወጣ፣ ምክንያቱም ከላስቲኩ የሚወጣው ኬሚካል ኢፖክሲው ውስጥ ገብቶ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፣ በምንም አይታጠብም። ስለዚህ ‹ፍቅፋቂ› ባለው ምርጫ እስማማለሁ፤ በየሳምንቱ ጎማዎቹን እየዞርክ የተሰካውን በፒንሳ ንቀል። ብየዳው አጠገብ ሲቆም ግን ትኩስ ፍንጣሪ ፖሊዩሬቴኑን እንደሚበሳው አትርሳ። ከካስተሮቹ በላይ ከጋሪው ጠርዝ ወደ ታች 60–80 ሚሜ የሚወርድ የላሜራ ቀሚስ ብየድለት፤ ፍንጣሪውንም ረጅሙን ፍቅፋቂም ይከላከላል።

ኩሽኔታ ላይ፦ የጎማው መሃል በአራት መንገድ ይሠራል። ምንም የሌለው፣ ጎማው በቀጥታ አክስሉ ላይ የሚዞርበት፣ ለቀላልና አልፎ አልፎ ለሚገፋ ብቻ ነው። ቦኮላ (ኳስ የሌለው ቀለበት) የገባበት ለሚታጠብ ቦታ ጥሩ ነው፣ አይዝግም፤ ሲገፋ ግን ይከብዳል። ሮለር ያለው ከባድ ጭነትና ምት በደንብ ይችላል፣ ግራሶ ግን ይፈልጋል፤ ግራሶ መግቢያ ያለውን ምረጥ። ባለ ሁለት ኩሽኔታው ለ300 ኪሎ ምርጡ ነው፤ ጋሪውን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት በግልጽ ይቀንሳል። በላዩ ላይ 2አርኤስ የተጻፈበት ሁለቱም ጎን በላስቲክ የታሸገ ነው፤ ዜድዜድ የተባለው የብረት ክዳን ያለው ነው፣ የመፍጫ ብናኝ ያስገባል። ለብየዳ ቤት 2አርኤስ። ሲያልቅም ቁጥሩን አይተህ ትቀይረዋለህ፤ ለምሳሌ 6202 ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ 15፣ ውጭው 35፣ ወርዱ 11 ሚሜ ነው።

ሰው ግን የጎማውን ኩሽኔታ ብቻ አይቶ አንገቱን ይረሳል። ዟሪ (አቅጣጫ የሚቀይር) ካስተር ሁለት መዞሪያ አለው፣ ቀድሞ የሚበላሸው ደግሞ የላይኛው ነው። ባለ ሁለት ረድፍ ጥይት (የብረት ኳስ) መሆኑን እይ። ጎማውን ያዝና አንገቱን በቀስታ አዙር፤ በየቦታው ጠቅ እያለ የሚይዝ ከሆነ ጥይቶቹ በምት ምክንያት መሄጃቸውን ጎድጉደውታል ማለት ነው፣ ግራሶ አያድነውም። ርካሾቹ ላይ መሃሉን የሚይዘው የተቀጠቀጠ ሪቬት ነው፤ ከላላ አይጠብቅም። በብሎንና በዳዶ የተያዘው ይጠብቃል። ሌላው ዓይነት መሃሉ ላይ ፔርኖ (ማያያዣ ዘንግ) ጭራሽ የሌለው፣ የላይኛውና የታችኛው ቀለበት በጥይቶቹ የሚያያዝበት ነው፤ ምት ለበዛበት ሥራ የሚመረጠው እሱ ነው፣ የሚላላ ነገር የለውምና።

የአገዳ_መጋዝ

የጠረጴዛውን ጥያቄ ሁሉም ዘለለው።

ፍሬን ያለው ካስተር አራት ገዝቶ መግጠም የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ ለመጋዝ ግን አይሆንም። ፍሬኑም ሁለት ዓይነት ነው፦ ጎማውን ብቻ የሚይዝና ጎማውንም አንገቱንም አንድ ላይ የሚቆልፍ። ጎማውን ብቻ የሚይዘው ላይ ጠረጴዛው በአንገቱ ዙሪያ ይወዛወዛል፤ ሲገፋ ጎማው ካስተሩ ሥር ዞሮ ጠረጴዛው 30–40 ሚሜ ይሄዳል። ሁለቱን የሚቆልፈው የተሻለ ነው፣ ግን አንገቱ ውስጥ ያለው ጥቂት ክፍተትና የጎማው መርገብ አይጠፋም። ሰሌዳ መጋዝ ውስጥ ስትገፋ ያ ትንሽ መንቀጥቀጥ ራሱ አደጋ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ጠረጴዛው ሲሠራበት በራሱ እግሮች ወለል ላይ እንዲቆም፣ ጎማዎቹ ሲንቀሳቀስ ብቻ እንዲነኩ ማድረግ ነው። ሦስት አማራጭ አለ።

ቀላሉ፦ በአንደኛው ጫፍ ሁለት ቋሚ (አቅጣጫ የማይቀይሩ) ካስተሮች ከእግሮቹ ውጭ በጎን ግጠም፣ ጎማዎቹ ከወለሉ 2–3 ሚሜ ከፍ ብለው። በሌላው ጫፍ እጀታ አድርግ። እጀታውን ስታነሣ ጠረጴዛው ያዘነብልና ጎማዎቹ ወለሉን ይነካሉ፤ እንደ አንድ እግር ጋሪ ይገፋል። ከ90 ኪሎው ግማሽ ያህሉን ታነሣለህ፤ መጋዙ የተገጠመበት ከባዱ ጫፍ ጎማው በኩል ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጫፎቹን አትሳሳት።

ሁለተኛው በእግር ሲረገጥ ጠረጴዛውን የሚያነሣ ተነሽ ካስተር ነው። አራቱ ጠረጴዛውን 10 ሚሜ ያህል ያነሡታል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጠረጴዛው በእግሮቹ ይቀመጣል። ይህ በየአቅጣጫው ይገፋል፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ይመቻል። የሚያጣብቀው ብሎን ጠረጴዛው እግር ውስጥ ተሻግሮ መውጣት አለበት፤ በእንጨት ቪቴ ከተያዘ ከእያንዳንዱ መነሣት ጋር ይነቀላል።

ሦስተኛው ከጎማው ጎን በእጅ የሚዞር እግር ያለው ካስተር ነው። ወለሉ ልክ ካልሆነ ማስተካከልም ይቻልበታል፣ ግን ማውረዱና ማንሣቱ ጊዜ ይወስዳል፤ በቀን አምስት ጊዜ ለሚገፋ አልመክረውም።

ከዚህ ውስጥ አንዱንም ካልፈለግክና አራት ፍሬን ያላቸውን ከገጠምክ፣ ቢያንስ ናይለን ወይም ጠንካራ ፖሊዩሬቴን ይሁኑ። ላስቲክ ላይ የቆመ መጋዝ ይናጣል። የፍሬኑ ፔዳልም አንገቱ ሲዞር ወደ ጠረጴዛው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ቆመህ በእግርህ የምትደርስበት መሆኑን ሳትገጥመው ሞክረው።

ሊሾ_ላይ

የካስተሩ አደራደርና አገጣጠም ላይ ምንም አልተባለም፣ ጥሩ ጎማ ገዝተው እዚህ ጋ የሚያበላሹ ብዙ ናቸው።

ሁለት ቋሚ፣ ሁለት ዟሪ። ዟሪዎቹ እጀታው በኩል ይሁኑ፣ ቋሚዎቹ ፊት። ተገላቢጦሽ ከሆነ የፊቱን በፈለግከው አቅጣጫ ለመጠምዘዝ ጋሪውን በሙሉ ትታገላለህ። አራቱም ዟሪ ከሆኑ ጠባብ ቦታ ላይ በጎን ይሄዳል፣ ያ ጥሩ ነው፤ ግን ረጅም መንገድ ላይና ትንሽ ተዳፋት ላይ 300 ኪሎው ወደ ታችኛው ጎን ይሸሽብሃል። አራት ዟሪ የግድ ከሆነብህ ሁለቱ የአቅጣጫ መቆለፊያ ያላቸው ይሁኑ። ዟሪዎቹ ፊት ሆነው በፍጥነት ሲጎተቱ ደግሞ ጎማው ግራና ቀኝ ይርገበገባል፣ አንገቱን የሚጨርሰውም ያ ነው።

ስድስት ጎማ ያለው ረጅም ጋሪ የሚሠራ ካለ፦ መሃል ያሉት ሁለት ቋሚዎች ከዳሮቹ ከ5–10 ሚሜ ዝቅ ብለው እንዲወጡ ይደረጋል፣ ጋሪው ባለበት ይዞራል። ግን ሙሉው ጭነት በሁለቱ መሃል ጎማዎች ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ፤ እያንዳንዳቸው ግማሹን መቻል አለባቸው።

መረጋጋት፦ የዟሪ ካስተር ጎማ ከአንገቱ መሃል 35–45 ሚሜ ወደ ኋላ ወጥቶ ነው የሚያርፈው። ሁለቱም ወደ ውስጥ ሲዞሩ መቆሚያው ይጠባል። አንገቶቹ በ400 ሚሜ ርቀት ላይ ቢሆኑ የሚነኩበት ስፋት 320 ብቻ ይሆናል። ጋሪው ቁመቱ አንድ ሜትር ሆኖ ላዩ ላይ ከባድ ዕቃ ካለ ያ 80 ሚሜ ይገለብጠዋል። ካስተሮቹን እስከ ጥግ አውጣቸው፤ ከባዱን መሳቢያ ታች አድርግ።

አገጣጠም፦ ባለ ጥርስ ዘንግ ካስተር ለ300 ኪሎ አትውሰድ፤ ሐዲድ ላይ ሲመታ ዘንጉ ከሥሩ ይታጠፋል። ባለ ፕሌቱን ውሰድ። ለባለ 100 እና ባለ 125 የተለመደው የቀዳዳዎቹ ርቀት 80×60 ሚሜ ሲሆን ኤም 8 ብሎን ይገባዋል፤ ለባለ 160 እና ባለ 200 ደግሞ 105×80 ሲሆን ኤም 10 ነው። ሌላ ልኬትም ስላለ ካስተሩን ሳትይዝ አትብሳ። የቱቦላሬው ግድግዳ 2 ሚሜ ብቻ ስለሆነ በቀጥታ አትበሳው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ይጨፈለቃል። በየጥጉ 6 ሚሜ ላሜራ ቆርጠህ ከቱቦላሬው ሥር ብየድ፣ ለኤም 8 በ9 ሚሜ ፑንታ ብሳ፣ ብሎኑን በሮንዴላና ናይለን ባለው ዳዶ እሰር። ደረጃው 8.8 ለሆነ ኤም 8 ብሎን 25 ኒውተን ሜትር ያህል በቂ ነው።

ካስተሩን በብየዳ ማያያዝ አይታሰብ። ሙቀቱ ግራሶውን ያወጣል፣ ጥይቱን ያለሰልሳል፣ ፖሊዩሬቴኑን ያላቅቃል፤ ከፕሌቱ ላይ ያለው የዚንክ ሽፋን ሲቃጠልም ጭሱ ያሳምማል። አልቆ ሲቀየርም መፍጫ ያስፈልጋል።

ሌላ የብየዳ ጉዳይ፦ በጋሪው ላይ እየበየድክ ከሆነ የማሽኑን የመሬት (ግራውንድ) ገመድ ሥራው ላይ አጥብቀህ እሰር። ጎማው ብረት ሆኖ ገመዱ ሌላ ቦታ ከታሰረ ኮረንቲው በኩሽኔታው በኩል ይመለሳል፣ ጥይቶቹንም ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይቦረቡራቸዋል።

ጠጠር_መንገድ

የግቢው ጋሪ የኔ ክፍል ነው፣ ባጭሩ ልመልስ።

ጠጠር ላይ ዟሪ ካስተር አይሠራም። ጎማው ለመዞር በጎኑ ጠጠሩን መግፋት አለበት፣ እየቆፈረ ይገባል። ባለ 125 ጠንካራ ጎማ ደግሞ 50 ኪሎ ሲጫንበት ይሰምጣል። የሚያስፈልግህ ነፋስ የሚሞላ ትልቅ ጎማ ነው። 3.00-4 የተባለው ልኬት 260 ሚሜ ገደማ ዲያሜትር አለው፤ ከእሱ በታች አትውረድ። ለአፈርና ጭቃ 4.00-8፣ ማለትም የአንድ እግር ጋሪ ጎማ የሆነው 400 ሚሜ አካባቢው፣ የበለጠ ነው።

አደራደሩ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ሁለት ጎማ ብቻ፣ አክስሉ ከጋሪው መሃል ትንሽ ወደ ኋላ፤ ጭነቱ አብዛኛው አክስሉ ላይ ሲያርፍ እጀታው ላይ የሚመጣው 10 ኪሎ አካባቢ ብቻ ይሁን። ወይም አራት ጎማ፣ የፊቱ አክስል ሙሉ በሙሉ ከመጎተቻው ጋር በመሃል ፔርኖ የሚዞርበት። ለ200 ኪሎ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሰው ጭነቱን ሚዛን ላይ ሲይዝ አይደክምም። ሲጠማዘዝ የፊት ጎማው አካሉን እንዳይነካ ከጎማው ውጪ እስከ አካሉ 30 ሚሜ ክፍተት ተው፤ መጎተቻውንም ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይዞር ማገጃ አድርግለት፣ አለበለዚያ በጥግ ይገለበጣል።

ነፋሱ፦ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ አትለፍ፤ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ጎማዎች በኮምፕሬሰር ሲሞሉ በሰከንዶች ውስጥ ያልፋሉ፣ ስለዚህ በእጅ ፓምፕ ሙላ። ነፋሱ ካነሰ ጎኑ እየታጠፈ ይሰነጠቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የ3.00-4 ቸርኬ ብዙ ጊዜ ሁለት ግማሽ ላሜራ በብሎን ተያይዞ ነው የተሠራው። ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ሳታስተነፍስ እነዚያን ብሎኖች አትፍታ፤ ግማሾቹ ፊትህ ላይ ይፈናጠራሉ። ቫልቩን ነቅለህ አውጣና ከዚያ ፍታ።

እሾህና ሚስማር የበዛበት ግቢ ከሆነ በአረፋ ፖሊዩሬቴን የተሞላው አማራጭ አለ። አይበሳም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ምት እንደ ነፋሱ አያበርድም፣ ጭኖ ከቆመም ይጨማደዳል። ክረምት ከበጋ ጭኖ ለሚያቆም ሰው አይሆንም።

ቱቦላሬ_ቤት (ጠያቂ)

ስለዚህ ወሰንኩ። ለጋሪው ባለ 125 ፖሊዩሬቴን፣ ሾር ኤ 92 ከፍ ያለ፣ ውስጡ አሉሚኒየም፣ 2አርኤስ ኩሽኔታ፣ 150 ኪሎ የተጻፈበት፤ ሁለት ቋሚና ሁለት ዟሪ፣ ዟሪዎቹ ሁለቱንም የሚቆልፍ ፍሬን ያላቸው። ሐዲዱ ላይ መወጣጫ። ለጠረጴዛው በአንድ ጫፍ ሁለት ቋሚ በእጀታ። ለግቢው አራት 3.00-4 በሚዞር አክስል። የጎደለ አለ?

ሊሾ_ላይ

አንድ ነገር። ቋሚውና ዟሪው ከተለያየ አምራች ከሆኑ ጠቅላላ ቁመታቸው አንድ ላይሆን ይችላል፣ 3–4 ሚሜ መለያየት የተለመደ ነው። ሁለቱንም ገበታ ላይ አቁመህ ከፕሌቱ ላይ እስከ ገበታው ለካ። አጭሩ ላይ ልዩነቱን የሚሞላ ላሜራ በፕሌቱ ልክ ቆርጠህ ከሥር አስገባ፤ ሮንዴላ ብቻ አትደራርብ፣ ፕሌቱ በአራት ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎብጣል። ከገጠምክ በኋላ ጋሪውን ባዶውን አቁመህ በየጎማው ሥር ወረቀት ለማስገባት ሞክር። ወረቀት የሚገባበት አንድ ጎማ ካለ እዚያ ጥግ ላይም 1 ሚሜ ላሜራ ጨምር።

ዋና_ፔርኖ

እኔም አንድ። 300 ኪሎ ጭነህ ዟሪዎቹ ወደ መሄጃው ከዞሩ በኋላ በተንጠልጣይ ሚዛን አግድም ጎትተው፤ ሊሾ ላይ ከ10 ኪሎ በላይ ከጠየቀህ የአክስሉ ዳዶ ሹካውን (ጎማውን ከሁለት ጎን የሚይዘውን ብረት) ጨፍልቆ ጎማውን ይዞታል ወይም ቋሚዎቹ ሁለቱ ትይዩ አይደሉም። ትይዩነቱን ለማወቅ ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ከፊትም ከኋላም ለካ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሜ ከበለጠ የፕሌቱን ብሎን አላልተህ አስተካክል። ስለዚህ ነው ቀዳዳው 8 ሳይሆን 9 የሚበሳው። ብሎኖቹን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቅ፣ ቀለም የተቀባው ላሜራ ሥር ይረግባሉና።